ቢጫዋ ሻንጣ ጨረታ ልትወጣ ነው፣ እኔ ደግሞ እርጉዝ ነኝ

ጥያቄ፦ «ከአዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የላብ ቴክኒሻን ነኝ። የምሠራበት ክፍል ኤክስ አር ዲ የሚባል የኤክስሬይ ማሽን አለ። ከወንበሬ ጀርባ ካለው ግድግዳ ማዶ ደግሞ ስቶር አለ፣ እዛ ውስጥ ሲቪል ዲፓርትመንት ድሮ ሳይት እየወሰደ የአፈር ኮምፓክሽን ይለካበት የነበረ ማሽን በቢጫ ሻንጣ ተቀምጧል፣ ላዩ ላይ የጨረር ምልክት አለው፣ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሦስት ወር እርጉዝ ነኝ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። ደረቴ ላይ የማደርጋት ባጅ ከተሰጠችኝ ስምንት ወር ሆኗታል፣ ወስዶ ያስነበባት ሰው የለም። ጓደኞቼ ግማሾቹ ወተት ጠጪ ይሉኛል፣ ግማሾቹ ባጇን ካደረግሽ ምንም አትሆኚም ይሉኛል። አሁን ንብረት ክፍል ‹ሰኔ 30 ሳይደርስ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ይወገድ› ብሎ ሊስት አውጥቷል፣ ሻንጣዋም ገብታበታለች፣ ‹አገልግሎት የማይሰጥ› በሚለው ላይ እንድፈርም እየጠየቁኝ ነው። ልጄ ይጎዳል? ሥራ ልልቀቅ? የጨረር አበል መጠየቅስ እችላለሁ? ይሄን ነገር የሚቆጣጠር አካልስ አለ ወይ?»

ምላሽ፦

ሊስቱ ላይ እንዳትፈርሚ። ዛሬም፣ ነገም፣ አለቃሽ ቢሮ ጠርቶ «ፎርማሊቲ እኮ ነው» ቢልሽም አትፈርሚ። አንቺ በዋናነት የጠየቅሽው ስለ ኤክስሬይ ማሽኑና ስለ ልጅሽ ነው፣ እሱንም እመልሳለሁ፣ ግን ጥያቄሽን ሳነብ የደነገጥኩት ማሽኑ ጋ ሳይሆን ሻንጣዋ ጋ ስደርስ ነው። እሷ በጨረታ ከግቢ ከወጣች ጉዳዩ ያንቺ ብቻ መሆኑ ይቀራል።

መጀመሪያ የተደበላለቀውን እንለየው። ሰው «ጨረር» ሲል ኤክስሬይ ማሽኑንም፣ ራዲዮአክቲቭ ዕቃውንም፣ የቴሌ አንቴናውንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ነው። ኤክስ አር ዲ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ቱቦው ውስጥ 40 ኪሎቮልት ገደማ ይሰጠውና ኤሌክትሮኖቹ ብዙ ጊዜ መዳብ ላይ እየተጋጩ ኤክስሬይ ይወጣል፣ ሲጠፋ ያልቃል፣ በቃ። አምፖል ካጠፋሽ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የተረፈ ብርሃን ፈልገሽ አታገኚም አይደል? እንደሱ ነው። ስለዚህ «ግድግዳው ጨረር ጠጥቷል»፣ «ጠዋት ስትገቢ መስኮት ክፈቺና ይናፈስ» የሚባለው ዝም ብሎ ወሬ ነው፣ ሳምፕሉም ራዲዮአክቲቭ ሆኖ አይወጣም። ከመዳብ የሚወጣው ኤክስሬይ ደግሞ ጉልበቱ ደካማ ስለሆነ የካቢኔቱ ብረትና ሊድ ያለበት መስታወት ይበቃዋል። ሥርዓቱን ጠብቆ የተሠራ ዝግ ካቢኔት ከገጹ 10 ሴንቲሜትር ላይ ሲለካ በሰዓት ከ1 ማይክሮሲቨርት የማይበልጥ ነው የሚሆነው (ሲቨርት ሰው ላይ የደረሰ ጨረር የሚለካበት ነው፣ ሚሊ የሺህ አንዱ፣ ማይክሮ የሚሊዮን አንዱ ነው)። አጠገቡ ተቀምጠሽ ኮምፒውተር ላይ ብትሠሪ የሚደርስብሽ ነገር ብዙውን ጊዜ ከተፈጥሮው ተለይቶ እንኳን አይታይም።

ማሽኑ የሚከፋው ሰው ሲያታልለው ነው። በሩ ሲከፈት ጨረሩን የሚያቋርጥ ስዊች አለው፣ ኢንተርሎክ ይባላል። አንድ ላብ ውስጥ (የት እንደሆነ ይቅር) ይሄ ስዊች በኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠቅልሎ ሁልጊዜ «በሩ ዝግ ነው» እያለ እንዲዋሽ ተደርጎ አይቻለሁ፣ ለምን ስላቸው ሳምፕል በተቀየረ ቁጥር ማሽኑ እየቆመ አሰለቸን አሉ። ዋናው ጨረር ቀጭን ነው ግን ጣት ከገባበት በሴኮንዶች ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል፣ ሲነካሽ ደሞ ምንም አይሰማሽም፣ ቁስሉ ከቀናት በኋላ ነው ብቅ የሚለው፣ እንደ ምድጃ ቃጠሎም ቶሎ አይድንም። ያንቺ ማሽን በሩ ሲከፈት ጨረሩ ይቋረጣል? የማስጠንቀቂያ መብራቱ ይሠራል? እነዚህ ደህና ከሆኑና አምና ወይ ዘንድሮ ተለክቶ ወረቀት ካለው፣ እርግዝናሽን በተመለከተ ከኤክስ አር ዲ ክፍል የምትሸሺበት ምክንያት የለም።

አሁን ሻንጣዋ። ከገለጻሽ ተነስቼ ስገምት ለመንገድና ለግንባታ አፈር የሚለካበት የኒውክሌር ጌጅ ነው። የተለመደው ዓይነት ውስጡ ሁለት ሶርስ፣ ማለትም ጨረር የሚያመነጭ ራዲዮአክቲቭ ነገር፣ አለው፣ አንዱ ሲዝየም 137 ወደ 8 ሚሊኪዩሪ (የሶርስ ብርታት መለኪያ ነው)፣ ሌላው አሜሪሲየም 241 ከቤሪሊየም ጋር የተቀላቀለ ወደ 40 ሚሊኪዩሪ። የመጀመሪያው ጋማ ይለቃል፣ መጠጋጋቱን ይለኩበታል፣ ሁለተኛው ኒውትሮን ይለቃል፣ እርጥበቱን ይለኩበታል። እነዚህ ማጥፊያ የላቸውም። ንብረት ክፍል «አገልግሎት የማይሰጥ» ያለው ባትሪው ስለሞተ ወይ ዲስፕሌዩ ስለጠፋ ነው፣ ሶርሱ ግን ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ እሑድና በዓል ሳይል ሌት ተቀን ሥራውን እየሠራ ነው። «አርጅቷል፣ ጨረሩ አልቋል» እንዳይሉሽ። የሲዝየም ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ነው፣ ማሽኑ ከ30 ዓመት በፊት ተገዝቶ ቢሆን ገና ግማሹ አለ ማለት ነው። የአሜሪሲየሙ ደግሞ 432 ዓመት ነው፣ በዓፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተቀመጠ አሜሪሲየም ቢኖር ዛሬ ገና ግማሹ ነው የሚሄደው። ለዩኒቨርሲቲ ስቶር ይሄ ዘላለም ነው።

እንዲህ ስል ግን ነገ ስቶሩ ስር ስታልፊ እንድትሮጪ አይደለም። ዕቃው መከለያው ውስጥ በትክክል ከተቆለፈና ካልተሰበረ ሳይት ላይ ሰው እየተሸከመው የሚሠራበት ነው። ጥያቄው ካንቺ ስንት ሜትር ይርቃል ነው። ሜትሩን በቁጥር ላሳይሽ፣ ለምሳሌ ነው፣ ያንቺን አልለካሁትም። ሻንጣዋ 1 ሜትር ላይ በሰዓት 5 ማይክሮሲቨርት ታሳያለች እንበል። ወንበርሽ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ሻንጣዋም ከማዶ ግድግዳው ስር ተቀምጣ በመካከላችሁ 1 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በወር 176 የሥራ ሰዓት ብትቀመጪ 880 ማይክሮሲቨርት ነው፣ ማለትም 0.88 ሚሊሲቨርት። ለጽንስ የተቀመጠው ገደብ እናትየው እርግዝናዋን ካሳወቀች በኋላ እስክትወልድ ድረስ 1 ሚሊሲቨርት ነው፣ በአንድ ወር ልትጨርሺው ምንም አይቀርሽም። አሁን ወንበሩን አራት ሜትር አርቂው፣ ርቀቱ 5 ሜትር ሲሆን ጨረሩ በ25 ይካፈላል፣ በሰዓት 0.2 ይሆናል፣ በወር 35 ማይክሮሲቨርት፣ በቀሩት ስድስት ወራት ሁሉ ተደምሮ 0.2 ሚሊሲቨርት ገደማ። ያው ሻንጣ፣ ያው ግድግዳ፣ ያንቺ ወንበር ብቻ ነው የተቀየረው። ብሎኬቱም ትንሽ ይቀንስልሻል፣ እኔ ግን ግድግዳ ላይ ተማምኜ ምክር አልሰጥም፣ ርቀት አይዋሽም። ስለዚህ ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራሽ ወንበርሽንና ጠረጴዛሽን ወደ ሌላኛው ጥግ መውሰድ ነው፣ ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሻንጣዋን ግን አንቺ እንዳትነኪያት፣ ጥበቃውንም ወይ ቀን ሠራተኛውንም «እስቲ ወደዛ ግፋት» እንዳትይው።

ዲፓርትመንቱ የጨረር መለኪያ (ሰርቬይ ሜትር) አለኝ ብሎ አንዱ ጋይገር የሚባለውን ዓይነት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይምጣ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ተራው ጋይገር ጋማን እንጂ ኒውትሮን አያይም። «ለካነው፣ ትንሽ ነው» ቢሉሽ «ኒውትሮኑስ?» ብለሽ ጠይቂ። ሜትሩም መቼ ካሊብሬት እንደተደረገ የሚናገር ስቲከር ይኑረው፣ ስቲከር የሌለው ሜትር የገበያ ሚዛን ነው።

ልጅሽን በተመለከተ። ጽንስ ላይ የአካል ጉድለት ወይም የአእምሮ ዕድገት ችግር የሚያመጣው የጨረር መጠን ከ100 ሚሊግሬይ (ለጋማና ለኤክስሬይ ከ100 ሚሊሲቨርት ጋር አንድ አድርገሽ ያዢው) በላይ ነው ተብሎ የሚታወቀው፣ ከሱ በታች በጨረር ምክንያት እርግዝና ለማቋረጥ ሕክምናዊ ምክንያት የለም ብሎ ነው ዓለም አቀፉ የጨረራ ጥበቃ ኮሚሽን የሚመክረው። አንቺ ያለሽበት ጊዜ፣ ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት፣ አንጎል በቀላሉ የሚጎዳበት ጊዜ መሆኑን አልደብቅሽም፣ ግን እንኳን 100፣ ከላይ ባየነው በከፋው ምሳሌ እንኳ ዘጠኙን ወር ሁሉ ብታሰይው ወደ 8 ሚሊሲቨርት ነው የሚመጣው፣ ያውም ሆድሽ ስለሚከልለው ጽንሱ ጋ የሚደርሰው ከዛ ያንሳል። በንጽጽር አንድ የሆድ ሲቲ ስካን ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ይሆናል። ሰው በዓለም ላይ በአማካይ ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል፣ እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ከሰማይ የሚመጣው ድርሻችን ባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ሰው እጥፍም በላይ ነው፣ እናቶቻችንም እዚሁ ነው የወለዱን። ስለዚህ ይሄን አንብበሽ ሆስፒታል ሄደሽ አንዳች ውሳኔ የምትወስኚበት ነገር የለም። ክትትልሽን ቀጥይ፣ ለሐኪምሽም ሥራሽ ምን እንደሆነ ንገሪው።

ያ ማለት ግን ዝም ይባል ማለት አይደለም። 1 ሚሊሲቨርት የሚለው ገደብ ከጉዳቱ በጣም ወርዶ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው፣ ካንሰርን በተመለከተ «ከዚህ በታች ዜሮ ነው» የሚባል መስመር ስለሌለ። ገደቡ ደግሞ የሚጀምረው አንቺ ስታሳውቂ ነው። ሳትናገሪ ከቆየሽ በሕጉ ዓይን ተራ ሠራተኛ ነሽ፣ የተራ ሠራተኛ ገደብ ደሞ በአምስት ዓመት ተሰልቶ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት፣ በአንድ ዓመት ቢበዛ 50 ነው። ልዩነቱን እይው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፣ እርግዝናን በተመለከተ ግን ዝምታሽ ጥበቃሽን ነው የሚያስቀርብሽ። ከሥራ ያፈናቅሉኛል ብለሽ ፈርተሽ ከሆነ፣ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ መሠረታዊ ደረጃ በግልጽ የሚለው ማሳወቅ ከሥራ ለማግለል ምክንያት እንደማይሆን ነው፣ አሠሪው ማድረግ ያለበት የሥራ ሁኔታሽን ማስተካከል ነው። ኢትዮጵያ ኤጀንሲው በተቋቋመበት በ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል ናት፣ ይሄ የውጭ ሰው ምክር ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም።

ባጇ አትከላከልም። ቆጣሪ ናት። የመብራት ቆጣሪ ቤትሽን ከኮረንቲ እንደማያድነው ሁሉ ባጅም ምን ያህል እንደደረሰብሽ ትመዘግባለች እንጂ አንዲትም ጨረር አታቆምም፣ ካልተነበበች ደግሞ ቆጣሪም አይደለችም፣ ጌጥ ናት። ንባቧ በየወሩ ቢበዛ በየሦስት ወሩ መሆን ነበረበት፣ ምክንያቱም በስምንት ወር አንድ ቁጥር ብቻ ቢመጣ መቼ እንደደረሰብሽ፣ በየትኛው ሥራ እንደሆነ ማንም ሊነግርሽ አይችልም፣ የቆየ ባጅ ንባቡም ይሳሳል። ቢሆንም እንዳትጥያት፣ በደብዳቤ ትላክና ትነበብ። ማታ የት ነው የምታስቀምጫት? ከጋወንሽ ጋር ስቶሩ ግድግዳ ላይ ከሆነ የምትሰቅያት የሷ ንባብ ያንቺ አይደለም፣ የግድግዳው ነው። ካሳወቅሽ በኋላ ደግሞ ሆድሽ አካባቢ የምታደርጊያት ሁለተኛ ባጅ ይሰጥሽ። ተራዋ ባጅ ኒውትሮን ላታይ እንደምትችልም እወቂ፣ ስለዚህ «ባጅሽ ዜሮ ነው» ቢሉሽ ስለ ሻንጣዋ ሙሉ መልስ አይደለም። ንባብሽ ያንቺ ነው፣ ጠይቀሽ የማየት መብት አለሽ፣ መዝገቡም አንቺ 75 ዓመት እስኪሞላሽ፣ ሥራውን ከተውሽ በኋላ ደግሞ ከ30 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ነው መቀመጥ ያለበት።

ወተቱን ስለምትወጂው ጠጪ፣ ለእርግዝናም ጥሩ ነው፣ ጨረር ግን አያጥብም። ቀለም ፋብሪካም፣ ማተሚያ ቤትም፣ ኤክስሬይ ክፍልም ለሠራተኛ ወተት ሲታደል አውቃለሁ፣ ከውጭ መጥቶ ያለፈሽን ጋማ ወተት የሚያወጣበት መንገድ የለም፣ አልፎሻል፣ ሄዷል። አበሉም የወተቱ ወንድም ነው። ቅድም ባልኩሽ የአቶሚክ ኤጀንሲው ደረጃ ላይ የተጻፈው ለጨረር መጋለጥ ተብሎ የሚሰጥ ልዩ ደመወዝ፣ ረፍት ወይ ኢንሹራንስ የመከላከያ ምትክ ሊሆን አይገባም የሚል ነው፣ ምክንያቱም አበል ሲጀመር ሰው ባጁን ሆን ብሎ ሶርስ አጠገብ ማስቀመጥ ይጀምራል፣ አሠሪውም «ከፍያለሁ» ብሎ ግድግዳውን ሳይሠራ ይተዋል። በመሥሪያ ቤትሽ መመሪያ የተፈቀደ ነገር ካለ ለብቻው ጠይቂ፣ ከዚህ ጉዳይ ጋር ግን አታያይዢው፣ ደብዳቤሽ ውስጥ አበል የሚል ቃል ከገባ አንባቢው ሌላውን አያነበውም፣ የማውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

ተቆጣጣሪ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። አገሪቱ ውስጥ ጨረራን የሚመለከት ሕግ በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 ነው የተጀመረው፣ በ2000 በአዋጅ 571 ተተካ፣ በ2009 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1025። ሥራውን ድሮ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ነበር የሚሠራው፣ አሁን በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ስር ነው። ራዲዮአክቲቭ ሶርስ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ ማዘዋወር፣ መሸጥ፣ ማስወገድ አይቻልም። እና ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ፦ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይፈትሻል፣ ይቀጣል፣ የዕለት ተዕለት ኃላፊነቱ ግን የባለፈቃዱ ነው፣ ባለፈቃዱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ላቡ አይደለም፣ አንቺም አይደለሽም። ዩኒቨርሲቲው የጨረራ ደህንነት ኃላፊ መሾም አለበት፣ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው። ብዙ ሶርስ ያለው ግቢ ከሆነ ኮሚቴም ያስፈልጋል፣ ኮሚቴው ውስጥ የንብረት ክፍል ሰው ካልተቀመጠበት ለኔ ኮሚቴ አይደለም።

በተግባር የሚሆነው ምንድነው፣ ኃላፊው በደብዳቤ ይሾማል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለፒኤችዲ ውጭ ይሄዳል፣ ሲሄድ ክሊራንስ ላይ ላፕቶፑን መመለሱን ይጠይቁታል፣ ሶርሱን ለማን አስረከብክ የሚለው የለም። ማሽኑ ድሮ በፕሮጀክት ሲገባ ሞዴል 19 ላይ «የአፈር መመርመሪያ ማሽን፣ ብዛት 1» ተብሎ ነው የተመዘገበው፣ ራዲዮአክቲቭ የሚል ቃል የለም፣ ከዛ ንብረት ክፍል ያለው ሰውዬ ምን ያድርግ፣ ለሱ እሷና የተሰበረ ወንበር አንድ ናቸው። እሱ ላይ አትናደጂበት፣ መዝገቡ ነው የዋሸው።

ጨረታ ከወጣች የምትሄደውን መንገድ አስቢው። ገዢው የሚፈልገው ብረቱን፣ አልሙኒየሙንና ሊዱን ነው። ከቆራሌው ወደ ምናለሽ ተራ፣ እዛ በመዶሻና በመጋዝ ትፈታለች፣ የቀረው ስክራፕ ተጭኖ አቃቂ፣ ገላን ወይ ዱከም ብረት የሚያቀልጡ ፋብሪካዎች ጋ ይወርዳል። ይሄ ተረት አይደለም፣ በዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የዴልሂ ዩኒቨርሲቲ በ1968 (እ.ኤ.አ.) የገዛው የኮባልት 60 ማሽን ነበረው፣ ከ1985 ጀምሮ ቆሞ ነበር፣ በ2010 መጀመሪያ ላይ ከአሮጌ ዕቃ ጋር በጨረታ ሸጡት። ማያፑሪ የሚባል የስክራፕ ሰፈር ገብቶ ተቆራረጠ፣ አንዱ ነጋዴ ቁራጯን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ይዞ ዞረ። አንድ ሰው ሞተ፣ ሌሎች በጽኑ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ከሱ በፊት በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ከተማ ውስጥ ከተዘጋ ክሊኒክ የተወሰደ የሲዝየም ሶርስ ስክራፕ ቤት ገብቶ ተከፍቶ አራት ሰው ገደለ፣ 249 ሰው ተበከለ፣ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ውስጥ ተሰልፎ ተመረመረ። በ1998 ደግሞ ስፔን ውስጥ ከስክራፕ ጋር የገባ ሲዝየም ምድጃ ውስጥ ቀልጦ ጭሱ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ድረስ ተለክቷል። ያንቺ ሻንጣ ውስጥ ያለው ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፣ በአቶሚክ ኤጀንሲው ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ 4ኛ ላይ ነው የሚመደበው፣ ሰው ይገድላል ብዬ አላስፈራራሽም። ግን አሜሪሲየም የያዘችው እንክብል ከተሰበረች ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነው፣ የሰበራት ልጅ ደሞ ምልክቱን አያውቀውም፣ ሦስት ቅጠል ያለው አበባ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ሻንጣዋ ምን ትሁን? መውጫዋ ጥቂት ነው። ወደ አምራቹ መመለስ አንደኛው ነው፣ ጥሩው እሱ ነው ግን ውድ ነው፣ የመጓጓዣ ወረቀትም ይፈልጋል፣ አምራቹም ያለ ሰርተፍኬት ላይቀበል ይችላል። ፈቃድ ላለው ሌላ ተጠቃሚ፣ ለምሳሌ የመንገድ ላብ ላለው ድርጅት፣ በባለሥልጣኑ ይሁንታ ማስተላለፍ ይቻላል፣ ማሽኑ የሚጠገን ከሆነ። ካልሆነ ባለሥልጣኑ እንደ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ በሚፈቅደው ቦታ እንዲቀመጥ ማድረግ። የትኛውም ቢሆን ወራት ይፈጃል፣ እስከዛ ግን መሆን ያለበት ቀላል ነው፦ ስቶሩ በሁለት ቁልፍ ይዘጋ፣ ቁልፎቹ በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ፣ በሩ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፣ የጥበቃ አባላት ይነገራቸው፣ ጌጁ መቆለፊያው በቦታው መሆኑን ሙያው ያለው ሰው ይይ፣ ሶርሱ ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታይበት ሌክ ቴስትም ይደረግለት፣ ተጠርጎ የሚነሳው ብክለት ከ200 ቤክረል (ይሄም የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ ነው) በላይ ከሆነ ያፈሳል ማለት ነው። ቁልፉ ስለጠፋ «በመዶሻ እንስበረውና እንየው» የሚል ጎበዝ ከመጣ ከዛ ክፍል ውጪ፣ በሩን ዝጊ፣ ደውይ።

ሥራ መልቀቁን ተዪው። አንቺ ከለቀቅሽ ሻንጣዋን የሚያውቃት የመጨረሻው ሰው ሄደ ማለት ነው፣ የሚፈርም ሌላ ልጅ በማግስቱ ይገኛል።

ደብዳቤ ጻፊ፣ አንድ ገጽ አይለፍ፣ ቁጣም ልመናም አይኑርበት። ለዲፓርትመንት ኃላፊሽ አድርጊና ግልባጭ ለጨረራ ደህንነት ኃላፊው፣ ለንብረት አስተዳደር፣ ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንት ቢሮ እና ለኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን በይበት፣ ያቺ የመጨረሻዋ ግልባጭ ናት ፋይሉ ከመሳቢያ እንዳይገባ የምታደርገው። ሦስት ነገር ብቻ ጻፊ። አንደኛ፣ በሊስቱ ተራ ቁጥር ስንት ላይ ያለው ዕቃ ራዲዮአክቲቭ ሶርስ ያለበት ስለሆነ ከጨረታ እንዲወጣ፣ ከሻንጣው ውጪ በኩል ሳትከፍቺው የሚነበብ ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ካለ ጨምሪበት፣ በሩ ላይ ቆመሽ በስልክሽ ዙም አድርገሽ ብታነሺው ይበቃል፣ ለማንበብ ብለሽ እንዳትጠጊ። ሁለተኛ፣ እርጉዝ መሆንሽንና ከዛሬ ጀምሮ የሥራ ሁኔታሽ እንዲስተካከል፣ የወንበርሽ ቦታ እንዲለካ፣ በኒውትሮንም ጭምር። ሦስተኛ፣ ባጅሽ እንድትነበብና ሁለተኛ ባጅ እንዲሰጥሽ። እርግዝናሽን በግልባጩ ሁሉ ማሳወቅ ካልፈለግሽ ሁለተኛውን ለብቻው በሌላ ደብዳቤ ለኃላፊሽ አድርጊው፣ ሻንጣዋ ግን ለሁሉም ትሂድ።

መዝገብ ቤት አስገቢው፣ በእጅ ሰጥተሽ እንዳትመጪ። ገቢ ቁጥርና ቀን የተመታበትን ኮፒ ቤትሽ አስቀምጪ። በአሥር የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ፣ ወይም ከዛ በፊት ጨረታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከወጣ፣ ኮፒውን ይዘሽ ራስሽ ባለሥልጣኑ ጋ ሂጂ። ሻንጣዋ መኪና ላይ ስትጫን ካየሽ ግን ደብዳቤ አትጠብቂ፣ የበር ጥበቃውን አስቁሚና መውጫ ወረቀቱን የፈረመው ማን እንደሆነ አስጽፊ፣ ከዛ ደውይላቸው፣ የመኪናውን ታርጋም ያዢ።